ከድሬዳዋ የመጣ ዘይት

ባሏ ሲሞት በሐዘን የተላጨችው ፀጉሯ ተመልሶ በወጉ አልበቀለም። እዚህም እዚያም ሳስቷል፤ ማበጠሪያ የነካው እንደሆነ ደግሞ የራስ ቆዳዋ እሳት ይሆናል። ዛሬ ታናሽ እህቷ ከድሬዳዋ ስትመጣ ህንዶች ከዕፅዋት የሚያዘጋጁትን የአዩርቬዳ ዘይት ይዛላት መጣች።

"ምንተስኖት ነው የገዛልሽ" አለቻት።

ምንተስኖት አንድ ልጇ ነው። መውለድ ያልሆነላት እህቷ ወስዳ እንደ ልጇ ያሳደገችው፣ አሁንም እዚያው አብሯት የሚኖር።

እህቷ ዘይቱን ለብ አድርጋ፣ እንዳያማት በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ቀባቻት። ያ ሁሉ ቃጠሎ በረድ አለላት።

"ለፋሲካ ሲመጣ ሹሩባ ተሠርቼ ነው የምቀበለው" አለች ደስ ብሏት። "ምነው ዝም አልሽ?"

"መንገዱ አድክሞኝ ነው፣ እትዬ።"

"በይ ቁጭ በይ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልቀባሽ።"

"ተይው፣ የኔ ደህና ነው።"

"ምን ያግደረድርሻል!" አለችና እየሳቀች፣ እህቷ ከገባች ጀምሮ ያላወለቀችውን ሻሽ ሳብ አደረገችው።

በዘይት የራሰው እጇ አየር ላይ ቀረ።

የእህቷ ራስ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል።