የሦስት አንጓ ትንፋሽ

«ዓሣ እንኳ አፉን ይከፍታል እንጂ ጎማ አይነክስም» ይላሉ ማማ ኦርፓ፣ የመጥለቂያውን የአየር ሲሊንደር ከነመተንፈሻ ጎማው ጀርባቸው ላይ ሳስርላቸው። ፒናንግ የተባለውን ፍሬ ሲያኝኩ የቀላውን ምራቃቸውን ወደ ባሕሩ እንትፍ ብለው አፋቸውን በጨው ውኃ ይጉመጠመጣሉ።

«ይንከሱት፣ ማማ። መጀመሪያ ግን ሕጉን ይንገሩኝ።»

«ትንፋሽ አይያዝም።»

«መቼ?»

«መቼም! አንቺ ልጅ፣ ወገብ በማያልፍ ውኃ ውስጥ ሦስት ሳምንት ስታንቦጫርቂኝ ከርመሽ ዛሬም ፈተና?»

ዌልሚንሴ ከጀልባዋ ጫፍ ትስቃለች። እርጥብ የኮኮናት ዝንጣፊ ለጥላ ራሷ ላይ ደፍታለች። «ይጠንቀቁ፣ ማማ! ሊቋ ከጣለችዎት ዘንድሮ ክፍል መድገምዎ ነው።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አጠገባችን፣ የኮራሉ ተዳፋት ከውኃው በታች በሚጀምርበት አፋፍ ላይ የሳሲው፣ የክልከላው፣ ምሰሶ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የታሰረው ዝንጣፊ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ምሰሶው እስካለ ድረስ ከሥሩ ዛጎል የሚለቅም፣ መረብ የሚጥል የለም። ሴቶቹ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሊነቅሉት ተስማምተዋል። እኔ ደግሞ ተዳፋቱ እስኪያገግም ቢያንስ አንድ ዓመት እንደሚቀረው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠርቼ በፊታቸው አነበብኩ። በጨዋነት አዳመጡኝ፤ ከዚያም ሁሉም ዞረው ማማ ኦርፓን አዩ። ምሰሶውን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም እርሳቸው ናቸውና።

«ወረቀትሽ አይዋሽ ይሆናል» አሉኝ ያን ቀን። «እኔ ግን ያላየሁትን አልዘጋም፤ ያላየሁትን አልከፍትም።»

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ባላቸው በዚህ ተዳፋት ላይ ፈንጂ ሲጥሉ፣ የሞተውን ዓሣ ጠልቀው በቅርጫት የለቀሙት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቦታ ወርደው አያውቁም።

በመንደራችን የሴት ትንፋሽ የሚለካው በመዝሙር ነው። አንዷ ስትጠልቅ ጀልባ ላይ የቀረችው ትዘምራለች፤ ሦስተኛው አንጓ ሲያልቅ ያልወጣች ሴት ትፈለጋለች። ማማ ኦርፓ በጉብዝናቸው ዘመን ሦስቱንም ጨርሰው፣ የምትዘምረዋን ሴት አስለቅሰው ይወጡ ነበር ይባላል። አሁን ከአንድ አንጓ አያልፉም።

ጀርባችንን ለባሕሩ ሰጥተን እንወድቃለን። ዌልሚንሴ ከልማድ መዝሙሩን ስትጀምር እሰማለሁ፤ ወዲያው ውኃው ድምፅዋን ይውጠዋል።

ተዳፋቱ እንደ ሣር ቤት ክዳን በዝግታ ያዘቀዝቃል። ወሽመጡ ከማዕበል የተከለለ ስለሆነ የሚገፋን ነገር የለም። እጃቸውን ይዣለሁ። አረፋቸው ከራሳቸው በላይ እየተንከባለለ ሽቅብ ይሄዳል። አምስት ሜትር። ስምንት ሜትር። ዐሥራ አንደኛው ላይ ትልልቁ ኮራል ያልቅና ፈንጂው የተወው ግራጫ ስብርባሪ ይጀምራል።

በስብርባሪው ላይ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ በክር ያሰርኳቸው የኮራል ቅንጣቢዎች ቆመዋል፤ ቢጫዎች፣ ወይን ጠጆች፣ ከትንሿ ጣት የማይበልጡ። አውራ ጣት የማታህል ሰማያዊ ዓሣ ከመካከላቸው ብቅ ትልና በማማ ኦርፓ መነጽር ላይ ትወረወራለች። ተመልሳ ትገባለች። ደግማ ትወረወራለች። ቤቷ ነው።

አረፋው ይቆማል።

ስድሳ ዓመት የተማረ ደረት በሦስት ሳምንት አይረሳም፤ ከባሕር በታች የሚያስደነግጥ ነገር ሲገጥመው ይዘጋል። በአየር የተሞላው ሳንባቸው እንደ ፊኛ ሽቅብ ሊያነሣቸው ይጀምራል። በታፈነ ትንፋሽ ወደ ላይ መውጣት ሳንባን ይቀድዳል። የትከሻ ማሰሪያቸውን ጨምድጄ እይዛለሁ። ይተንፍሱ ብዬ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ፤ አያዩኝም። ዓይናቸው ከስብርባሪው አልተነቀለም፤ ግራ እጃቸው አሁን የሌለ ቅርጫት የታቀፈ ይመስል ጎናቸው ላይ ተጣብቋል። እኔንም ይዘውኝ ይነሣሉ።

የተማርኩት ሁሉ የእጅ ምልክት ነው። ዓይናቸው እኔ ዘንድ የለም። ጆሮአቸው ግን ክፍት ነው።

ጎማውን እንደ ነከስኩ መዝሙሩን አጉረመርማለሁ። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ፤ በውኃው ውስጥ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ እንጉርጉሮ ይሆናል። የመጀመሪያው ስንኝ ያልቃል። ምንም። በሁለተኛው ላይ ራሳቸው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ይዞራል። ከዚያ ወፍራምና የተሰነጠቀ ድምፃቸው ከታች ገብቶ ዜማውን ይቀበለኛል።

የሚዘምር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ከአፋቸው ነጭ የአረፋ ዛፍ ይበቅላል።

ተመልሰን እንሰምጣለን። ሦስቱንም አንጓ እዚያው፣ ከስብርባሪው በላይ ተንሳፍፈን እንጨርሳለን። ማማ ኦርፓ ሳይነኩ ትንሿን ጣታቸውን ከአንዱ ቢጫ ቅርንጫፍ ጎን አቁመው ይለካሉ።

«ስድስት ጊዜ!» ትጮኻለች ዌልሚንሴ፣ ራሳችን ከውኃው ብቅ ሲል። «ከዳር እስከ ዳር ስድስት ጊዜ ዘመርኩት! ጉሮሮዬ ኳንታ ሆነ እኮ!»

«ሁለተኛውን አንጓ ታበላሺዋለሽ» ይላሉ ማማ ኦርፓ። «በይ፣ ያንን የደፋሽውን ዝንጣፊ አቀብዪኝ።»

«ለምን? እሑድ ልንነቅለው አይደል እንዴ? ሴቶቹን ምን ልንላቸው ነው?»

ማማ ኦርፓ ምሰሶውን አቅፈው ትንሿን ጣታቸውን ያሳዩዋታል። «ገና ይህን ያህላሉ። ዘበኛም አላቸው፤ በሰማያዊ ልብስ ሆኖ ሰደበኝ።» ደረቁን ፈተው እርጥቡን በሦስት ቋጠሮ ያስራሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለቅሜ የጨረስኩት መስሎኝ ነበር፣ ልጄ» ይሉኛል።

ደረቁን ዝንጣፊ ከእጃቸው እቀበላለሁ።

«ሴቶቹም ወርደው ይዩት» ይላሉ ጮክ ብለው። «ነገ ከዌልሚንሴ እንጀምራለን።»

«ከእኔ?»

 ዌልሚንሴ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ ወደ ጥልቁ ትመለከታለች፤ ሳታውቀው ትንፋሽዋን ይዛለች።