በጨለመ ስክሪን ላይ

«ተኝቶ ነው ወይስ ሞቶ?» ይሉኛል እትዬ አስማ ከሶፋው ጫፍ ሳይነሡ።

መልሱን ገና አላውቀውም። የልጃቸውን የዩኑስን ላፕቶፕ ክዳን ከፍቻለሁ፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የማየው የራሴን ፊት ብቻ ነው።

ዩኑስ ሐሙስ ዕለት «ከሻሸመኔ ዕቃ ላምጣ» ብሎ ወጣ። ትናንት ጓደኛው እውነቱን አወጣው፤ ደላላ በሞያሌ አሻግሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊወስደው ነው። ስልኩ ዝግ ነው። ሞያሌ ሱቅ ያላቸው አጎቱ «የደላላውን ስም ብቻ ስጡኝ፣ ሳይሻገር አስቆመዋለሁ» ብለዋል። ስሙን የሚያውቅ የለም።

«ሌት ተቀን ከአንድ ሰው ጋር ይጻጻፍ ነበር» ትላለች ታላቅ እህቱ ኡሙልኸይር። «እኔ ብቅ ስል ክዳኑን ጠቅ! ሐሙስም እንደዚያው ዘግቶት ነው የሄደው።»

ስለዚህ ዩኑስ አላጠፋውም፤ አስተኝቶት ነው የሄደው። የሚጻጻፍበት መስኮት እንደተከፈተ፣ ከነስሙ፣ ውስጥ አለ። ማሽኑ ከጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ እንደ አዲስ ሲነሣ የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ዩኑስ ብቻ ነው።

«ባትሪው የታለ?»

«እንዳያረጅ ብዬ አውጥቼዋለሁ» ይላሉ እትዬ አስማ በኩራት፣ ወደ ቡፌው እየጠቆሙ። ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። እሰካዋለሁ። ዓመት ሙሉ ሳይሠራ ተቀምጦ ሞቷል። ይህን ላፕቶፕ በሕይወት ያቆየው የግድግዳው ሶኬት ብቻ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ በፈረቃ መብራት የሚጠፋው በእኛ ክፍለ ከተማ፣ በምሥራቅ ነው።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ታይዋን ተምሬ፣ እዚያው ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚተኛና እንደሚነቃ የሚያዝዘውን ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ ተመለስኩ። ለምን ተመለስክ ሲሉኝ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ እሰጣለሁ።

የትልልቅ ፊደሎቹን ቁልፍ፣ ካፕስ ሎኩን፣ እጫናለሁ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ደግሜ እጫናለሁ፤ ትጠፋለች።

«ነቅቷል» እላለሁ።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ማሽኑ ነው የነቃው፣ እትዬ። ስክሪኑ አልተነሣም።»

«እንዴት ነው ግማሽ መንቃት?» ትላለች ኡሙልኸይር።

«ሲተኛ የእያንዳንዱ ዕቃ ኃይል ይቀነሳል። ሲነቃ ደግሞ በየተራ ይቀሰቀሳሉ። ማን እንዴት እንደሚቀሰቀስ የሚያውቀው ፋብሪካው ቦርዱ ላይ የጻፈው ፕሮግራም ነው። አሁን ማሽኑ ‹ስክሪኑን አስነሣኸው?› ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም ‹አዎ› ይላል። ኃይል ግን አልሰጠውም።»

«ሌላ ስክሪን ብንሰካስ?»

«ምስሉን የሚሠራው ክፍል ራሱ ነው ያልተነሣው። ምንም ብንሰካ ያው ጨለማ ነው።»

«ታይዋን ድረስ ሄደህ የተማርከው ይህን ነው?»

«ይህን ነው።»

እሷም አትስቅም፣ እኔም። ከላፕቶፑ ጎን የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራት ብልጭ ይላል። እሱ ቢያንስ ተነሥቷል።

«መጻፍ ይቻል ይሆናል» እላለሁ ቀስ ብዬ። «መስኮቱ ዩኑስ እንደተወው ፊት ለፊት ካለ፣ የምንጽፈው ለደላላው ይደርሳል። የሚመልሰውን አናነብም፤ ሲመልስ ግን ድምፅ አለው። ስልክ ቁጥር ሰጥተን ይደውል እንበል።»

«ደላላ ደውል ስላሉት ይደውላል?» ትላለች ኡሙልኸይር። «እማ ታማለች በል።»

«የሁሉም እናት ታማለች» ይላሉ እትዬ አስማ። «ይሄን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።»

ኡሙልኸይር ቀና ብላ እናቷን ታያለች፤ ያሰበችውን አፏ ሊያወጣው አልደፈረም።

«ሞታለች በለው» ይላሉ እትዬ አስማ።

«እማ! በቁምሽ?»

«ጻፍ መክብብ። መብራቱ ሳይሄድ ጻፍ።»

በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ጥቁሩን ስክሪን እያየሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫንኩ እጽፋለሁ። እህቱ ነኝ። እናቱ ሞታለች። ለዩኑስ ንገረው፣ በዚህ ቁጥር ይደውል። ቁጥሩን ኡሙልኸይር ትነግረኛለች፤ እጽፋለሁ። የመላኪያውን ቁልፍ እጫናለሁ። የሳጥኑ መብራት ፈጠን ፈጠን ይላል፤ ከዚያ ይረጋል።

ሦስታችንም ጆሯችንን ወደ ጨለማው እናዘነብላለን።

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ መንገዱ ላይ ይመጣል። ምረጡ፣ ምረጡ፣ ካርዳችሁን ውሰዱ፣ ሙዚቃ፣ እንደገና ምረጡ። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ኡሙልኸይር ሮጣ ትዘጋዋለች፤ ለውጥ የለውም። ከጩኸቱ ሥር አንድ ቀጭን ነገር ጢን ያለ ይመስለኛል። ወይም ከሙዚቃው ነው።

«ሰማችሁ?» እላለሁ።

«ምኑን?» ትላለች።

ባጃጁ ወደ ባህል አዳራሽ በኩል ይርቃል። ዝምታው ሲመለስ የበዛ ነው። የፍሪጁ ድምፅ የለም። የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራትም የለም። የትልልቅ ፊደሎቹን ቁልፍ እጫናለሁ፤ እደግማለሁ፤ እደግማለሁ።

«ሄደ?» ይላሉ እትዬ አስማ።

«ሄደ።»

እትዬ አስማ ከሶፋው ይወርዱና ምንጣፉ ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ።

«መብራቱ ሲመጣ ደግሞ» ይላሉ፣ «አለች ብለህ ጻፍለት። ውሸት ነው፣ አለች በለው። ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ አይደንግጥብኝ።»

መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሥቶ የይለፍ ቃል እንደሚጠይቅ፣ ያ መስኮት ከእንግዲህ እንደሌለ አልነግራቸውም። ኡሙልኸይር ግን ፊቴን አንብባዋለች። ቁጥሩን የላክነውን ስልክ ከቻርጀሩ ነቅላ እናቷ ጭን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እትዬ አስማም እንደተኛ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።