ማንኪያ የሌለበት ግጥም

በፈረንሳይ ምዕራብ ጫፍ፣ በብሬታኝ የምትኖረውን ሶአዚግን ለዓመታት አንጀቷን ሲያሳርራት የኖረ ነገር ነበር። መንግሥት የአካባቢውን ቋንቋ ብሬቶንኛን ከሞት አዳንኩ ብሎ በግጥም ብቻ እንዲነገር ደነገገ። አገሩም እልል አለ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በየሰው አንገት ላይ ያንጠለጠላት ተርጓሚ ቁልፍ በግጥም ውስጥ የሌለውን ቃል ሁሉ ከአፍ ቀምታ በፈረንሳይኛ ታወጣዋለች። ገጣሚዎቹ ደግሞ፣ እድሜ ይስጣቸውና፣ ከማዕበል፣ ከጉምና ከሰመጠ መርከበኛ ሌላ ነገር አያውቁም።

አንድ ጧት የልጅ ልጇ ሮዜን አሬራዋ ፊት ተቀምጣ እጇን ዘረጋች።

«ማዕበል!» አለች በብሬቶንኛ።

«ማንኪያ ፈልጋ እኮ ነው» አለ የሶአዚግ ባል ጉልቬን እየሳቀ። «ማንኪያ ያለበት ግጥም የለ፤ ቃሉን ከየት ታምጣው?»

ሶአዚግ፣ «ጥርስህ ይርገፍ!» ልትለው አፏን ስትከፍት ቁልፏ ቀደመቻት፤ በጨዋ ፈረንሳይኛ «ውዴ ሆይ፣ ሳቅዎን ቢተዉት ደስ ይለኛል» አለችላት።

በዚህ ቆረጠች። በዓመቱ የግጥም በዓል መድረክ ላይ የተባለ ሁሉ በሕግ ግጥም ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም በየቤቱ ሊለው ይችላል። በዓሉ ሲደርስ መድረኩ ላይ ወጣች። የበዓሉ ዳኞች እንደ ልማዳቸው ለሰመጠው መርከበኛ ማልቀሻ መሐረባቸውን አወጡ።

«ማንኪያሽን ያዥ!
አፍንጫሽን ተናፈጪ!
የድመቷን ጅራት ልቀቂ!
አንተ ጅል፣ ጭቃማ ጫማህን ደጅ አውልቅ!»

ዋናው ዳኛ እንባውን ጠረገ። «እሜቴ፣ ጅሉ የሰው ልጅ ሁሉ ምሳሌ ነው?»

«ባሌ ነው» አለች፤ «ገና አልጨረስኩም።»

የጓዳዋን ዕቃ ስም ሁሉ ጠርታ ጨርሳ ወደ ከብቶቹ በረት ቃላት ስትሻገር ዳኞቹ ተርበው ነበር። እሷ ግን ከመድረኩ አልወረደችም።