ጠዋት የሚጎድለው ቤንዚን

ሀብተጊዮርጊስ ሲሞት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው አሮጌ ስፖርት መኪናው ለታናሽ ወንድሙ ለዳምጤ ደረሰችው። የ1963 መስከረም ከጠባ ወዲህ ግን ማታ የሞላው ቤንዚን ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። የወልቂጤው መካኒክ ፈትሾ «ጠብታም አታፈስም» አለ። ለወንድሙ ያላለቀሰው ዳምጤ ለቤንዚኑ አለቀሰ። ሽማግሌውን ዘበኛ አቶ ተረፈን «ሌባ!» ብሎ አባረራቸው።

«እኔስ እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉት የመኪናዋን መሪ እያዩ። «እሱንስ በምን ታባርረዋለህ?»

ዳምጤ ለመስቀል አገር ቤት ቸሃ፣ እናቱ ዘንድ መሄድ ከወንድሙ ቀብር ወዲህ ትቷል። የመስቀል ለት ማታ መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጎማዎቿን አውልቆ አልጋው ስር ከተተ።

ጠዋት የቤንዚን ታንከሩ ውስጥ የሰደደው እንጨት ደረቁን ወጣ። የመኪናዋን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ፣ እናቱ ለቀረ ልጅ እንደምታስቀምጠው፣ በኮባ የተጠቀለለ ክትፎ አለ።

ቅቤው ገና አልረጋም።