የባሏ ክዳን

ተመራማሪዋ ጀርም የሚያበቅሉበትን ባለ ክዳን የላቦራቶሪ ሳህን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ አየችው። በአንዱ ጥግ ቲማቲም የሚያጠወልገው ባክቴሪያ፣ በሌላው የአፈር ፈንገስ ነበር። ባክቴሪያው ሳይነካው ከሩቅ በላከበት ኬሚካል ፈንገሱ መዘርጋቱን ትቶ፣ ወፍራም ግድግዳ ሠርቶ ተሸሽጓል።

«እህቴ፣ መደርደሪያው ሞልቷል፤ ይሄ የሞተ ነው፣ ልጣለው?» አለቻት ባልደረባዋ።

«ምን ሞተ! በሩን ዘግቶ ተቀመጠ እንጂ።»

ክዳኑ ላይ እዚሁ አብሯት ይሠራ የነበረው የሟች ባሏ የተንጋደደ ጽሕፈት ነበር። «ክዳን ከሳህን ሳህን ይቀያየራል፤ ምልክቱን ከሳህኑ ሥር ጻፍ!» እያለች ስትጨቀጭቀው፣ «እሺ እመቤቴ» ይልና መልሶ ክዳኑ ላይ ይጽፍ ነበር።

«በቃ፣ ይጣል» አለች በመጨረሻ።

ባልደረባዋ ዞር ስትል ግን ክዳኑን ከአሮጌው ሳህን አንስታ ዛሬ ባዘጋጀችው ሳህን ላይ ገጠመችው። ከሥሩ ምንም አልጻፈችም።