አንድ ሰው የቀረው

መሕቡባ የቀለም ካርዶቿን ከፍ አድርጋ ብትይዝም ዞር ብሎ የሚያያት ልጅ የለም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ወንበሮቻቸውን እየጎተቱ ሚኒባስ ይሠራሉ። ሙባሪክ የባልዲ ክዳን መሪ አድርጎ ከፊት ተሰይሟል፤ የሞተሩን ድምፅ ከነምራቁ ያወጣዋል።

ጥግ ላይ፣ በልጆች ወንበር ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው የተቀመጡት ፈታኟ ዶክተር በኃይሉ ናቸው። ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ የመጡት ለእሷ ብለው ነው። ባለፈው የተግባር ፈተና ጥለዋታል። "ልጁን ትጠይቂዋለሽ፤ አፉን ሳይከፍት አንቺው ትመልሺለታለሽ" ነበር ያሏት። ዛሬ ከወደቀች የሕፃናት ትምህርት ማስተርሷ ነገር አበቃ። ሰፈሩ እንደሆነ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ "ንፍጥ ለመጥረግም ማስተርስ?" እያለ ሲስቅባት ከርሟል።

ካርዶቹን ታያለች። ሚኒባሱን ታያለች። ከዚያ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ትጥልና ቀሚሷን ሰብስባ "ቢስሚላሂ!" ብላ ትሳፈራለች።

"ሹፌር፣ ወዴት ነው?"

"ወልቂጤ!"

"ታዲያ ያለ ረዳት? ፈቲሀ፣ አንቺ ረዳት ትሆኚልናለሽ?"

ፈቲሀ መስኮቱ ሥር ቆማለች። እናቷ መናኸሪያው በር ላይ ብርቱካን ትሸጣለች። ቤት ውስጥ በስልጥኛ አፏ አያርፍም ይባላል፤ እዚህ ግን ከመስከረም ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም።

"እሷ እኮ አታወራም!" ይላል ሙባሪክ።

መልሱ መሕቡባ ምላስ ላይ መጥቷል። ትውጠዋለች። ለእሷ ዝም ማለት ከጾም ይብሳል፤ ቀሚሷን በጣቶቿ ጨምድዳ ትጠብቃለች። ውጭ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፍቶ ያልፋል። አሁንም ትጠብቃለች።

ፈቲሀ ተጠግታ የወንበር መደገፊያ በመዳፏ ጧ! ታደርጋለች።

"ወልቂጤ! ወልቂጤ! በአረቅጥ ወልቂጤ! አንድ ሰው የቀረው!"

የመናኸሪያ ጎረምሳ የዋጠች ነው የምትመስለው። ሙባሪክ እንኳ ደንግጦ ሞተሩን ያጠፋል። እሷ ግን ሥራ ላይ ናት፤ ሄዳ የዶክተሩን ኮት ጨምድዳ ትይዛለች።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! እርስዎን ነው የምንጠብቀው!"

"እኔ እኮ ፈታኝ ነኝ፣ የኔ ልጅ።"

"ፈታኝም ይሳፈራል! ጠጋ ጠጋ በሉ እዛ ጋ!"

ዶክተር በኃይሉ ወረቀታቸውን ወንበሩ ላይ ትተው፣ እየተጣጠፉ መሕቡባ ጎን ይሸጎጣሉ። ዓይናቸው ከፈቲሀ አይነቀልም።

"ዛሬ ጠበቅሻት" ይሏታል በቀስታ። "አልፈሻል።"

መሕቡባ ጨምድዳ የያዘችውን ቀሚሷን ትለቃለች። ፈቲሀ የሌለውን በር ጓ! አድርጋ ትዘጋዋለች።

"ሳበው!"

ሙባሪክ ይስበዋል። የጉመር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ሚኒባሱ እንዳለ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዶክተሩ አንዲት ሕፃን ጭናቸው ላይ ተደርባባቸው፣ ከሁሉም አብልጠው ያዘነብላሉ።