የሚንቀጠቀጠው ቪዲዮ

«ቪዲዮውን ያንቀጠቀጥከው አንተ ነህ!» አለ ቸኮል።

«እኔ? ወላሂ አልነካሁትም!» አለ ዒምራን።

ቸኮል የኮምፒውተሩን ማውስ ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገው። የጂኦግራፊ መምህሩ የአፈር መሸርሸርን በቪዲዮ ሠርታችሁ ዛሬ ካላመጣችሁ ዜሮ ነው ብለዋል፤ ቸኮል ደግሞ ዜሮ ካገኘ ዘጠነኛን ለሦስተኛ ጊዜ ሊማር ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እንደ ደከመው አህያ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ምስል ያረጋጋል የተባለውን ማቀናበሪያ በነካው ቁጥር ደግሞ የምስሉ መንቀጥቀጥ ይብስበታል።

«የተቀረጸበት ስልክ ያንተ አይደል እንዴ?»

«ስልኩማ የኔ ነው። ግን እየው፣ ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር ውስጥ አካፋ ይዤ የቆምኩት እኔ አይደለሁ?»

እውነትም እሱ ነው። ቸኮል አጠገቡ ወደተቀመጠችው ወደ ሀዲያ ዞረ።

«እኔን ምን ታፈጥብኛለህ? ያቻት አፈር እየዘገንኩ!»

በቪዲዮው ውስጥ ከአጠገቧ እንደ ጋዜጠኛ እየተንጠባረረ የሚለፈልፈው ደግሞ ራሱ ቸኮል ነው። እዚያ የወረዱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሌላው የቀረጸ መስሏቸው ነበር። ካሜራው ግን እንደ ሰው ከኋላ ከኋላቸው እየተራመደ ይከተላቸዋል፤ ሲዞሩ ይዞራል፣ ሲቆሙ ይቆማል።

ሀዲያ «ያ ረቢ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ቸኮልን ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ቀደመው። ቪዲዮውን አቆመና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ማንም ሁን ማን፣ አንድ ስልክ ቀጥ አርጎ መያዝ ያቅታል?»

ምስሉ እንደቆመ ነው። ከስፒከሩ ግን የሰለቸው ድምፅ መለሰለት።

«ታዲያ አንተ ና ያዘዋ!»